ከሰባት ቤት ወዲያ፦ የዘር ቆጠራ ከጀርመንታውን እስከ ጮሮራ

በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ጀርመንታውን፣ ከ270 አውራ ጎዳና አጠገብ አንድ ሰፊ የመንግሥት ግቢ አለ። በዚያ ጎዳና ወደ ሥራ የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ግቢው ግን ከውጭ ሲያዩት ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ቢሮዎች ናቸው። ከክፍሎቹ በአንዱ፣ ኤፍ-202 በሚባለው ደጃፍ፣ የነሐስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሰው ልጅን ሙሉ ጂኖም የማንበብ ሐሳብ ከምኞትነት ወደ ሥራ የተሸጋገረው ከዚያ ክፍል መሆኑን የሚመሰክር ሰሌዳ ነው።

ግቢው የተሠራው ለዚህ አልነበረም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤቱን ከዋሽንግተን ያራቀው፣ ከተማዋ በኒውክሌር ቦምብ ብትመታ እንኳ መሥሪያ ቤቱ እንዲተርፍ ብሎ ነው። በ1957 በቦታው በተካሄደው ሥነ ሥርዓት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ራሳቸው ተገኝተዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኮሚሽኑን ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ጀምሮ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ጨረር ያገኛቸው እናትና አባት የሚወልዷቸው ልጆች፣ በወላጆቻቸው ዘረ-መል ላይ ያልነበረ አዲስ ለውጥ ይዘው ይወለዳሉ ወይ? ከተወለዱስ ስንት ለውጥ?

በ1984 መጨረሻ በዩታ ተራራማ መንደር በአልታ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች፣ በጊዜው የነበሩት መሣሪያዎች ይህን ለመቁጠር እንደማይበቁ ተስማሙ። በዓመቱ የኮሚሽኑን ሥራ በወረሰው የኢነርጂ ሚኒስቴር የጤናና የአካባቢ ምርምር ክፍል ኃላፊ የነበሩት የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዴሊሲ፣ የዚያን ስብሰባ ነገር ሲያነቡ፣ ለምን ሙሉው አይነበብም የሚል ሐሳብ መጣላቸው። በማርች 1986 ሐሳቡ በሳንታ ፌ በሊቃውንት ፊት ቀረበ፤ በ1990 ሥራው በይፋ ተጀመረ፤ በ2003 ተጠናቀቀ ተባለ። ዋናው አጋር ብሔራዊ የጤና ተቋሙ ቤተስዳ ነው፤ ተፎካካሪው የሴሌራ ኩባንያ ደግሞ ሮክቪል ነበር። ሦስቱም በአንድ ጎዳና ላይ ነበሩ።

ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ተነበበ። ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። በአማራው ባህል አንድ ጎረምሳ ለጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ የእርሱን ብቻ ሳይሆን የእርሷንም ወገን ይቆጥራሉ። ዘር የሚታወቀው ከሌላው ጋር ሲተያይ ነው። የሰው ልጅ ጂኖምም ምን እንደያዘ የታወቀው ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከቺምፓንዚ፣ ከቦኖቦ፣ ከጎሪላና ከኦራንጉታን ጂኖም ጎን ለጎን ሲነበብ ነው። ሌላ መንገድም አልነበረም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ኖራለች፤ አጥንቷ እንጂ ዲኤንኤዋ አልቆየም። እስካሁን ከኢትዮጵያ ምድር ጂኖሙ ሙሉ በሙሉ የተነበበው ጥንታዊ ሰው፣ በጋሞ ደጋ በሞጣ ዋሻ የተገኘው፣ የ4,500 ዓመት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ላሉት ሚሊዮን ዓመታት ዘረ-መል ይዘው የቆዩት በሕይወት ያሉት ዘመዶች ብቻ ናቸው።

አንድ ቃል ያመጣው ጠብ

በአማርኛ ይህ ነገር ከመጀመሪያው የተጣመመው በቃል ነው። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ» የሚለውን ያልሰማ የለም። በጠበል ጸዲቅ ላይም ይባላል፣ በትምህርት ቤትም ይባላል፤ ጀርመንታውን ላይ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ያየ አባትም ይለዋል። ችግሩ አማርኛ ለእነዚህ እንስሳት ስም የለውም። በኢትዮጵያ ቺምፓንዚም ጎሪላም የለም። ያሉት ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጉሬዛና ጦጣ ናቸው። በእንግሊዝኛ ኤፕ የሚባሉት ወደ አማርኛ ሲገቡ የተሰጣቸው ስም በቅርብ የተገኘው፣ ዝንጀሮ፣ ሆነ።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ዝንጀሮና ጦጣ ጭራ አላቸው፤ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላ፣ ኦራንጉታንና ሰው የላቸውም። ይህም በዘረ-መል ላይ የተጻፈ ነው። በ2024 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእነዚህ ሁሉ የጋራ ቅድመ አያት ውስጥ፣ የጭራን ዕድገት በሚመራ አንድ ጂን መካከል አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ገብታለች። ቁራጯ ዛሬም በሰው ውስጥ በዚያው ቦታ ናት፤ በቺምፓንዚም እንዲሁ፤ በዝንጀሮ ግን የለችም። ሳይንሱ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» ብሎ አያውቅም። ሰው ከቺምፓንዚ መጣም አላለም። ያለው ሁለቱ አንድ አያት አላቸው ነው። የአጎት ልጅን አባት ነው ብሎ መጥራት በየትኛውም ቤት ያጣላል፤ በዚህ ጉዳይ ለዓመታት የተደረገው ጠብ ግማሹ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ግማሹ ግን እውነተኛ ጠብ ነው፤ መሸፈን የለበትም። ሃያ ሁለቱን ሥነ ፍጥረታት በቁጥር ሲማር ያደገ ሰው፣ ሰው ከእንስሳት ጋር አንድ የዘር ሐረግ አለው ሲባል ሊደነግጥ ይችላል። በሌላ በኩል አገሪቱ ራሷን ለዓለም የምታስተዋውቀው «ምድረ ቀደምት» ብላ ነው፤ ድንቅነሽ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም የክብር እንግዳ ናት። የሰው ዘር መገኛ ነን ብሎ መኩራትና የተገኘችውን አጥንት ምንነት አለመጠየቅ አብረው የሚኖሩት ጥያቄው እስኪመጣ ድረስ ነው። የጂኖም ፕሮጀክቱን በቤተስዳ ሆነው የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ አጥባቂ ክርስቲያን ናቸው፤ እምነታቸውንና ዝግመተ ለውጥን አብረው እንደያዙ በ2006 መጽሐፍ ጽፈዋል። መንገዱ ለሁሉም አንድ ባይሆንም፣ ጥያቄውን በመጀመሪያ በትክክል መስማት ግን ለሁሉም ያስፈልጋል።

የተጋጠሙት ሁለት ክሮሞዞሞች

ማስረጃውስ ምን ይመስላል? ከሁሉ ግልጹ በቁጥር ይጀምራል። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፤ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48 አላቸው። የጋራ አያት ካላቸው አንድ ጥንድ የት ሄደ? አንድ ሙሉ ጥንድ የጠፋበት ፍጡር በሕይወት አይቆይም፤ ስለዚህ የቀረው ግምት ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ሆነዋል የሚለው ነበር።

ግምቱ ሊፈተን የሚችል ነው። እያንዳንዱ ክሮሞዞም በሁለቱ ጫፎቹ ላይ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ ጫፍ እንዳይተረተር የሚጠብቀው ተደጋጋሚ ጽሑፍ አለው። ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው ከሆነ፣ ያ የጫፍ ጽሑፍ በማይጠበቅበት ቦታ፣ በመካከል፣ ፊት ለፊት ተያይቶ መገኘት አለበት። በ1991 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም መካከል ፈልገው እዚያው አገኙት። ክሮሞዞም ሁሉ አንድ የወገብ ማሰሪያ አለው፤ በዚሁ በሁለተኛው ላይ ግን፣ ከሚሠራው ሌላ፣ ሥራ ያቆመ የሁለተኛ ወገብ ርዝራዥ አለ። ሁለት ቀሚስ ተሰፍቶ አንድ ሲሆን ስፌቱ እንደሚቀር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ ይሆናል ወይ ለሚል፣ ምሳሌው በስሜን ተራሮች ሣር ይግጣል። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው የጭላዳ ጂኖም በ2022 ታትሟል። በመካነ እንስሳት የሚኖሩት፣ ከመካከለኛው ደጋ የመጡት ጭላዳዎች 42 ክሮሞዞም ሲኖራቸው፣ የስሜኖቹ 44 ሆነው ተገኙ። በስሜን አንዱ ክሮሞዞም ለሁለት ተከፍሏል፤ በሰው የሆነው በተቃራኒው። ተመራማሪዎቹ የስሜኑና የመካከለኛው ጭላዳ ምናልባት ሁለት ዝርያ ሊባሉ ይገባል ብለዋል። በደባርቅ በኩል ያለፈ መንገደኛ ፎቶ የሚያነሳቸው እነዚያ ደረተ ቀይ እንስሳት፣ ዝርያ እንዴት እንደሚለያይ ገና በመካሄድ ላይ ያለ ሥራ ናቸው።

የላቦራቶሪው ሰዓትና የአፋር ድንጋይ

ዝምድናው ይህን ያህል ከታወቀ፣ ጥያቄው መቼ ተለያየን የሚለው ነው። በዚህ ላይ ላቦራቶሪና ቁፋሮ ለአርባ ዓመት ተከራክረዋል።

በ1967 የበርክሊዎቹ ቪንሰንት ሳሪችና አለን ዊልሰን፣ የደም ፕሮቲኖችን አወዳድረው ሰውና ቺምፓንዚ የተለያዩት ከአምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው አሉ። የአጥንት ሊቃውንት ሳቁባቸው፤ በእስያ የተገኘውን ራማፒቴከስ የሚባል የ14 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል የሰው አያት አድርገው ይዘው ነበርና። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራማፒቴከስ የኦራንጉታን ወገን መሆኑ ሲታወቅ ላቦራቶሪው ረታ። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽም በአምስት ሚሊዮኑ ውስጥ ተመችቷት ተቀመጠች።

ከዚያ አፋር መናገር ጀመረ። በ1994 አራሚስ ላይ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ አጥንት መገኘት የጀመረው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የእጅ አጥንት ቁራጭ ሲያገኝ ነው። ይኸው ተመራማሪ በመካከለኛው አዋሽ ከ1997 ጀምሮ ያገኘው አርዲፒቴከስ ካዳባ ከ5.2 እስከ 5.8 ሚሊዮን ዓመት ሆነው። ከቻድ ደግሞ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ራስ ቅል መጣ። በአምስት ሚሊዮን ዓመት ተለያዩ የተባሉት ሰዎች፣ በሰባት ሚሊዮን ዓመት ላይ ተለያይተው ተገኙ ማለት ነው።

በ2007 ነገሩ ባሰ። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በጮሮራ፣ ብርሃነ አስፋው፣ ዮናስ በየነና የጃፓን ባልደረቦቻቸው ዘጠኝ ጥርሶች አግኝተው አሳተሙ። ስሙን ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ አሉት። መንጋጋ ጥርሶቹ ቅጠል ለማኘክ እንደተሠሩ የጎሪላ ጥርሶች ነበሩ፤ ዕድሜውም 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተባለ። ዘረ-መሉ ግን የጎሪላ ወገን ከእኛ ወገን የተለየው ከ7 ወይም ከ8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው ይል ነበር። ልጅ ከአባቱ አይቀድምም። ወይ ጥርሶቹ የጎሪላ ወገን አይደሉም፣ ወይ ሰዓቱ ተሳስቷል። ብዙዎች ጥርሶቹን ተጠራጠሩ፤ ዛሬም የሚጠራጠሩ አሉ።

ሰዓቱን ያረመው ከጀርመንታውን የተነሳው አሮጌ ጥያቄ ነው። የዘረ-መል ሰዓት የሚቆጥረው በየትውልዱ የሚጨመሩትን አዳዲስ የፊደል ለውጦች ነው፤ ፍጥነቱ ግን እስከዚያ የሚገመተው ከቅሪተ አካላት ዕድሜ በመነሳት ነበር። ከ2010 ጀምሮ የእናትን፣ የአባትንና የልጅን ጂኖም አንድ ላይ ማንበብ ተቻለ። በልጁ ላይ ያለ፣ በወላጆቹ ላይ ግን የሌለ ፊደል ቁጭ ብሎ ይቆጠራል፤ በአንድ ልጅ ላይ ስልሳ፣ ሰባ ያህል ይሆናል። የሂሮሺማ ሕፃናት ጉዳይ ሲነሳ አልታ ላይ ሊቆጠር አልተቻለም የተባለው ቁጥር ይህ ነው። ሲቆጠር ፍጥነቱ ከተገመተው በግማሽ ያህል ያነሰ ሆነ። ሰዓቱ በዝግታ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የተለያየንበት ዘመን ወደ ኋላ ይርቃል። በ2012 የቺምፓንዚና የጎሪላ ቤተሰቦችን የትውልድ ርዝመት ጨምረው የቆጠሩ ተመራማሪዎች፣ ሰውና ቺምፓንዚ ቢያንስ ከ7 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ተለያይተዋል አሉ። የካዳባና የቻዱ ራስ ቅል ችግር በዚህ ተፈታ።

ድንጋዩም በበኩሉ ታረመ። በ2016 የጮሮራ ቡድን የእሳተ ገሞራውን አመድ እንደገና ለክቶ ጥርሶቹ የ8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው አለ፤ የጎሪላ ወገን መለየት ግን ወደ 10 ሚሊዮን መሆን አለበት የሚለው አቋሙ ጸና። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ጊዳይ ወልደገብርኤል ነው፤ በሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የሠራ ኢትዮጵያዊ የሥነ ምድር ባለሙያ። ሎስ አላሞስ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ የተሠራበት ቦታ ነው፤ የሚተዳደረውም በዚሁ በኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ነው። የቦምቡ ቤት ልጆች አንዱ በፊደል፣ አንዱ በአመድ አንድ ዓይነት ዘመን ቆጠሩ።

ትንሹ ልዩነትና ትልቁ

የቺምፓንዚ ጂኖም በሴፕቴምበር 2005 ታተመ። ፊደል ለፊደል ሲተያይ ከሰው የሚለየው 1.23 በመቶ ነው፤ ይህም 35 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነው። የተጨመሩና የተቆረጡ ቁርጥራጮች ሲደመሩ ልዩነቱ ወደ 4 በመቶ ይወጣል። በ2025 ከቤተስዳው ተቋም የወጡ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት የስድስት ኤፖችን ጂኖም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያነብ፣ በፊት ሊነበቡ ያልቻሉት ድግግሞሽ የበዛባቸው ቦታዎች ይበልጥ የሚለያዩ መሆናቸው ታየ። «99 በመቶ አንድ ነን» የሚለው አባባል ሐሰት አይደለም፤ ግን ምን እንደተቆጠረ ሳይነገር ብዙ አይጠቅምም።

የልዩነቱ ቦታ ከመጠኑ ይበልጣል። ሜሪ ክሌር ኪንግና አለን ዊልሰን በ1975 እንደገመቱት፣ ዋናው ለውጥ ጂኖቹ መቼና የት እንደሚሠሩ በሚያዝዙት ክፍሎች ላይ ነው። አንዱ ምሳሌ 118 ፊደል ብቻ ያለው፣ በፅንስ አንጎል ውስጥ የሚሠራ ቁራጭ ነው። በዶሮና በቺምፓንዚ መካከል፣ በሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ፊደል ብቻ ተለውጧል፤ በቺምፓንዚና በሰው መካከል ግን አሥራ ስምንት።

የጎሪላ ጂኖም በ2012 ሲወጣ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረ። ቺምፓንዚ ከሁሉ የቀረበን ዘመድ ቢሆንም፣ በ30 በመቶው የጂኖም ክፍል ላይ ጎሪላ ወይ ለሰው ወይ ለቺምፓንዚ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ካላቸው ይልቅ ይቀርባል። በቤተሰብ ውስጥ የሚታይ ነገር ነው፦ የአያቱን አፍንጫ የወሰደ ልጅ፣ ከአጎቱ ልጅ ይልቅ የሩቁን የአክስት ልጅ ይመስላል፤ ዝምድናው ግን አልተለወጠም። የዘር ሐረግ በወረቀት ላይ ሲሣል ንጹሕ ቅርንጫፍ ነው፤ በደም ውስጥ የተጠላለፈ ነው። አርዲም ከአጥንት ወገን ይህንኑ ትመሰክራለች፤ በሁለት እግር ትሄድ ነበር፣ በእግሯ አውራ ጣት ግን ቅርንጫፍ ትይዝ ነበር። ቺምፓንዚን አትመስልም። እኛ ስንለወጥ ቺምፓንዚ ቆሞ አልጠበቀም፤ እርሱም በራሱ መንገድ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል።

ወንዝ ማዶ

ከዚህ ሁሉ ቆጠራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምናልባት ከሁሉ የቀረበው ውጤት ስለ ሰው ራሱ የሚናገረው ነው። በካሜሩን የሳናጋ ወንዝ የቺምፓንዚዎችን አገር ለሁለት ይከፍላል። ቺምፓንዚ ዋናተኛ አይደለም፤ ወንዙን አይሻገርም። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአካባቢው በቅርብ ርቀት የሚኖሩት የቺምፓንዚ ወገኖች፣ ከተለያየ አህጉር የመጡ ሰዎች እርስ በርስ ከሚለያዩት ይልቅ በዘረ-መል ይለያያሉ። ቺምፓንዚዎች በቁጥር ከሰው እጅግ ያነሱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከስምንት ቢሊዮን ሰው ይበልጣል። ሰው በቅርብ ዘመን ከጥቂት ሰዎች የበዛ፣ ዘመድ ለዘመድ የሆነ አንድ ቤት ነው። ካለው ትንሽ ልዩነትም አብዛኛው ያለው አፍሪካ ውስጥ ነው።

አማርኛ የአገሩን ሰው «የወንዜ ልጅ» ይለዋል፤ ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ወንዝ ማዶ ያለውንም በዚያው ይለየዋል። «ዘር» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ሲቆጥሩበት ዝምድናን መፈለጊያ ነበር፤ ባለፉት ዓመታት በኢትዮጵያም፣ በውጭ አገር ባሉ ማኅበሮችና አዳራሾችም፣ መለያያ ሆኖ ሰነባብቷል። ከጀርመንታውን ክፍል የተነሳው፣ በአፋር ጥርስና በስሜን ጭላዳ የተፈተሸው ቆጠራ የሚያሳየው ግን የድሮዎቹን ሽማግሌዎች ልማድ ነው። ሰባት ቤት ላይ ያላቆመ ቆጣሪ ሩቅ የመሰለውን ሁሉ ዘመድ ሆኖ ያገኘዋል፤ በመጀመሪያ ወንዝ ማዶ ያለውን ሰው፣ ብዙ ቆይቶ ደግሞ ጫካ ውስጥ ያለውን።